ከእብጠቱ እስከ ሐኪሙ ያሉት ቀናት

(በማኅበራችን የጥቅምት ወር ስብሰባ፣ አረቅጥ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ስለ ጡት ካንሰር እንወያይ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ጥያቄ ያላት እጇን ታውጣ ቢባል አንዲት እጅ አልወጣችም። ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ይሁንና ሳጥን ውስጥ ይግባ ተብሎ ሲወሰን ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ 41 ወረቀት ገባ። ማኅበራችን 60 አባላት ነው ያሉት። ዝም ያልነው ጥያቄ ስላልነበረን አይደለም ማለት ነው። መጻፍ የማይችሉ እናቶቻችን በሴት ልጆቻቸው አስጽፈው አምጥተዋል፤ ምስጋናችን ይድረሳቸው።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንብበን ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አደረግን። መልሱን በጤና ጣቢያ ከምትሠራው አባላችን ጋር ተቀምጠን አዘጋጀነው። እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ምርመራን የሚተካ ሳይሆን ወደ ምርመራ የሚያደርስ ነው።

ስናነብ አንድ ነገር አስተዋልን። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ስለ በሽታው ብቻ አይደሉም፤ ስለ መሄድ ናቸው። «ብሄድ ምን ይሉኛል?»፣ «ብሄድ ይቆርጡኛል?»፣ «በምን ገንዘብ ልሂድ?» እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ቀን ይቆጠራል። እኛም እብጠቱን ካገኘንበት እስከ ሐኪም ዘንድ እስከምንደርስበት ያሉትን ቀናት ዛሬ አብረን እንቁጠር።

በመጀመሪያ የነገሩን መጠን እንወቅ። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ 16,000 ያህል ሴቶች አዲስ ተይዘዋል፤ 9,000 ያህል ደግሞ ሞተዋል። በሀብታም አገሮች ግን ከ100 ታማሚዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። እዚያ በሽታው ገና ትንሽ ሳለ ይገኛል፤ ሕክምናውም ሳይቋረጥ ያልቃል። በእኛ አገር ወደ ሆስፒታል የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች በሽታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው የሚመጡት። የመድኃኒቱንና የመሣሪያውን እጥረት እኛ ብቻችንን አንሞላውም። ዘግይቶ መምጣትን ግን ልንቀንሰው እንችላለን።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንመለስ።

«በዘሬ ይህ በሽታ የለም፤ እኔን ይነካኛል?»

ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ከማለፉ በቀር ሌላ የተለየ ምክንያት አይገኝባቸውም። በዘር የሚወረሰው ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ነው። እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት የበለጠ መጠንቀቅና ለሐኪም መናገር አለባት፤ የሌላት ደግሞ «እኔ ነፃ ነኝ» ማለት አትችልም። በአገራችን ደግሞ ብዙዎቹ ታማሚዎች ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉና ቤት የሚያስተዳድሩ ናቸው። የአሮጊት በሽታ ነው የምንለው ትክክል አይደለም። ከ100 ታማሚዎች አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ወንድም ይገኛል፤ ጡቱ ላይ እብጠት ያየ ባል ወይም ወንድም ቢኖር እሱም ይሂድ።

«ስድስት ልጅ አጥብቻለሁ፤ አይበቃም?»

ጡት ማጥባት አደጋውን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። አልኮል ማብዛትና ካረጡ በኋላ ከልክ በላይ መወፈር ደግሞ አደጋውን ይጨምራሉ። ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ በምንወስድበት ጊዜ አደጋውን በጥቂቱ ይጨምራል፤ ካቆምነው በኋላ ጭማሪው እየቀነሰ ይሄዳል። በቤተሰቧ የጡት ካንሰር ያለባት እህት የትኛው መከላከያ እንደሚሻላት ባለሙያ ትጠይቅ እንጂ በፍርሃት ብቻ አታቋርጥ።

«ሳንቲምና ሞባይል ጡት መያዣ ውስጥ ማስቀመጥ ያመጣዋል?»

ይህ በ9 ወረቀት ላይ ተጽፏል። በገበያ ቀን ገንዘባችንን የት እንደምናስቀምጥ ሁላችንም እናውቃለን። ሳንቲም፣ ብርና ሞባይል የጡት ካንሰር እንደሚያመጡ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሕፃን ሲጠባ በጭንቅላቱ መምታቱ ወይም የእንጨት ሸክም መጋፋቱም አያመጣውም። የተመታ ቦታ ስለሚያመን እንዳስሰዋለን፤ ስንዳስስ ቀድሞ የነበረውን እብጠት እናገኛለን። ምች አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። ማንም በማንም ላይ ያደረገው ነገር ስላልሆነ ጎረቤት አንጠርጥር።

«ይተላለፋል?»

አይተላለፍም። ከታመመች እህት ጋር ከአንድ ገበታ መብላት፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛት፣ ልብሷን ማጠብ ምንም አያመጣም። በእናት ወተት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት እየወሰደች ያለች እናት ጡት እንዳታጠባ የሚነገራት መድኃኒቱ በወተቱ ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

«እብጠት አለኝ፤ ግን አያመኝም። ልተወው?»

እናቶቻችን፣ ይህችን ጥያቄ የጻፈችውን እህት ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጣ ብናገኛት ደስ ይለናል። አለማመሙ የደህንነት ምልክት አይደለም። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። በሌላ በኩል ደግሞ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጡት ላይ ከሚገኙ እብጠቶች እስከ 90 በመቶ የሚደርሱት ካንሰር አይደሉም። ውሃ የቋጠረ ሊሆን ይችላል፤ የወተት መቋጠር ወይም ምንም የማይጎዳ ጓጎል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በዳሰሳ ብቻ አይታወቅም፤ በምርመራ ነው የሚታወቀው።

የሚያስኬዱን ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ጡት ወይም ብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፤ የጡት ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን ወይም መሰርጎድ፤ የጡት ጫፍ እንደ ቀድሞው ሳይሆን ወደ ውስጥ መግባት፤ ከጫፉ ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ መውጣት፤ በጫፉ ላይ የማይድን ቁስል፤ አንዱ ጡት ከሌላው ተለይቶ ቅርጹን መለወጥ። የምታጠባ እናት ጡቷ ቢያብጥና ቢቀላ አብዛኛውን ጊዜ የወተት ነገር ነው፤ ታክማ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ግን «ወተት ነው» ተብሎ መተው የለበትም።

ጡታችንን ለማወቅ መስታወት አያስፈልግም። የወር አበባ ከጨረስን ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ስንታጠብ፣ በሳሙና በለሰለሰ እጅ፣ በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ሆድ እየዞርን ከአንገት አጥንት እስከ ጡት ሥር፣ ከደረት መሐል እስከ ብብት እንዳስሳለን። የወር አበባ ያቆምን እናቶች በወር አንድ ቀን እንምረጥ፤ የማርያም ቀን ወይም የወሩ የመጀመሪያ ጁምዓ ቢሆን አይረሳም። ይህ የባለሙያ ምርመራን አይተካም። የራሳችንን ጡት ካወቅን ግን የተለወጠውን ቶሎ እንለያለን።

«መርፌ ወይም ቢላ ከነካው ይዛመታል ይባላል»

ብዙ ሰው ወደ ሐኪም እንዳይሄድ ያስቀረ አባባል ይህ ነው። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና የሚወስደው እብጠቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ናሙና መውሰድ በሽታውን አይበትነውም። አባባሉ የመጣው ካየነው ነገር ነው። ሴትዮዋ ዘግይታ ትሄዳለች፤ በሽታው ቀድሞ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት ደርሷል፤ ትቀደዳለች፤ ከዚያ ትሞታለች። ጎረቤት ያየው ቀዶ ሕክምናውንና ቀብሩን ብቻ ስለሆነ ሁለቱን አያያዛቸው።

ማሞግራም የሚባለው የራጅ ምርመራ ለሁሉም እኩል አይሠራም። የወጣት ሴት ጡት ጠጣር ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ሊያዝ ይችላል። «ማሞግራም የለም» ተብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም። የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው ናሙናው ነው።

«የግድ ይቆረጣል?»

የግድ አይደለም። እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከተገኘ እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር ሊሰጥ ይችላል። በአገራችን ብዙ ጊዜ ሙሉ ጡት የሚወጣው ዘግይተን ስለምንደርስና የጨረር ሕክምና ስለማይበቃ ነው። አንዳንዴ መጀመሪያ ኬሞ ተሰጥቶ እብጠቱ እንዲያንስ ይደረጋል፤ ከዚያ ይቀደዳል። ኬሞ ብዙውን ጊዜ በ21 ቀን አንዴ ይሰጣል። ፀጉር ይረግፋል፤ ሕክምናው ሲያበቃ ተመልሶ ይበቅላል። ማቅለሽለሽና ድካም አለው። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ኬሞ እየወሰደች ያለች ሴት ትኩሳት ከያዛት ነገን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ ሰውነቷ በሽታ የመከላከል አቅሙ ቀንሷል። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ደግሞ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሟ ትናገር።

ሌላው ታሞክሲፌን የሚባለው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ይሰጣል፤ በአገራችን አብዛኛው የዚህ ዓይነት እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወሰዳል። አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ሴትዮዋ ደህና ትሆናለች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ከዚያ «ድኛለሁ» ብላ ታቋርጣለች። ደህና በሆንበት ጊዜ የሚዋጠው ኪኒን ነው በሽታው እንዳይመለስ የሚከላከለው። ሙቀት ሙቀት ሊለን፣ የወር አበባ ሊዛባ ይችላል፤ ያልተለመደ ደም ካየን እንናገር። እየወሰድን ማርገዝ አይገባም።

ከብብት ንፍፊት የወጣላት ሴት በዚያ በኩል ያለው ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ሐኪም የሚያሳያትን የእጅ እንቅስቃሴ ትሥራ፤ ቁስል እንዳያገኛት ትጠንቀቅ። እንሰት መፋቅና ቆጮ መጭመቅ የክንድ ሥራ መሆኑን ለሐኪሙ ካልነገርነው ላያውቅ ይችላል። ንገሩት፤ መቼ መመለስ እንደሚቻልም ጠይቁት። እስከዚያ ድረስ እንሰቱን የምንፍቅላት እኛ ነን።

«ጸበልና ዱዓስ?»

ማንም ሰው ጸሎቱን ይተው አንልም። ጸበል የምትጠመቅም፣ ዱዓ የምታስደርግም መድኃኒቷን አታቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም። የምንቃወመው አንድ ነገር አለ፤ በእብጠት ላይ የሚለጠፍ ቅጠልና ሥር። ቆዳውን ያቃጥላል፤ ቁስል ይሆናል፤ ቁስሉ እስኪድን ሲጠበቅ ወራት ያልፋሉ።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት እህቶቻችን እንናገር። የአንዷን ቤተሰቦች አስፈቅደናል፤ ሌላዋ ራሷ ፈቅዳለች። የመጀመሪያዋ እብጠቱን ያገኘችው ለመስቀል ቤት ስታዘጋጅ ነበር። መስቀል ይለፍ አለች። ከዚያ የልጆቹ ወጪ መጣ። ከዚያ ቅጠል ተለጠፈ፤ ቆሰለ። ሐኪም ዘንድ የደረሰችው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሰባት ወር ሆኗል። በሽታው አጥንቷ ላይ ደርሶ ነበር። በዓመቱ ቀበርናት። ሁላችንም በዕድሯ ተገኝተናል፤ ለቀብርና ለሐዘን ያወጣነውን መዝገቡ ላይ ስናየው እሷን አዲስ አበባ ደርሶ ለማስመርመር ከሚበቃው በላይ ነው። ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ገንዘቡ በመካከላችን እንደነበረ ለማሳየት ነው።

ሁለተኛዋ ባገኘችው በሦስተኛው ሳምንት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነገረች። በሁለት ወር ውስጥ ተቀደደች። ኬሞዋን ጨርሳ አሁን ሦስተኛ ዓመት ታሞክሲፌኗን እየወሰደች ነው። ዛሬ በመካከላችን ተቀምጣለች። ስሟን አንጠራም፤ ስትፈልግ ራሷ ትናገራለች።

«ባሌ ይተወኛል ብዬ እፈራለሁ»

ይህን ጥያቄ በመረጃ ብቻ አንመልሰውም። የምንለው ይህ ነው፦ ባልየው አብሮ ሐኪሙን ከሰማ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለብቻችን አንሂድ። የሚያስቸግር ከሆነ ከማኅበሩ ሁለት እናቶች ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። የቃቄ ወርድወት በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት ተከራክራለች። የእሷ አገር ልጆች ሆነን ስለ ገዛ ጡታችን ለባላችን መናገር ሊያቅተን አይገባም።

«የት ልሂድ? በምን ገንዘብ?»

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ሪፈር ይዞ ወደ አጣጥ፣ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል። ካንሰር መሆኑ ከታወቀ ወደ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ አሁን በጅማም ይሰጣል። ወልቂጤ በአዲስ አበባና በጅማ መንገድ ላይ ስለሆነች ወረፋው ወዴት እንደሚያጥር ሐኪሙን መጠየቅ ይጠቅማል።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አባል የሆነች ሴት ሪፈሯን ይዛ ውል ባለው የመንግሥት ተቋም ስትታከም የአገልግሎቱን ክፍያ መድህኑ ይሸፍንላታል። ሪፈር ሳትይዝ በቀጥታ ከሄደች ግን ጥቅሙን ልታጣ ትችላለች። መታወቂያችሁ መታደሱን ዛሬ ቤት ስትገቡ እዩ። ሆስፒታሉ ውስጥ የሌለ መድኃኒትና ምርመራ ከውጭ በገንዘብ የሚገዛበት ጊዜም እንዳለ አስቀድመን እንወቅ።

የሁለተኛዋን እህታችንን ወጪ አብረን ጽፈን ስናየው ከሕክምናው ይልቅ የከበደው ሌላው ነው፦ መንገዱ፣ ማደሪያው፣ የአስታማሚዋ ምግብ፣ ቤት የቀረው ሥራ። ጨረር ለሳምንታት፣ በሳምንት አምስት ቀን ስለሚሰጥ ማደሪያ የሌላት ታቋርጣለች። በአዲስ አበባ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ታካሚዎች ማረፊያና ምግብ ይሰጣል። ሶሳይቲው የተመሠረተው በደም ካንሰር ልጃቸውን ባጡ ወላጆች ነው፤ ስሙም የልጁ ስም ነው። ዘመድ የሌላት እህት ይህን ትወቅ።

እንግዲህ ወደ ሐሳባችን እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው የጡት ካንሰር እንቅስቃሴ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ግብ አስቀምጧል። ያ የሐኪሞቹ ቀን ነው። ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ያለው ግን የእኛ ነው። ኮሚቴው አራት ነገር ያቀርባል።

አንደኛ፣ 14 ቀን። እብጠት ያገኘች አባል በ14 ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ለዚህ የምታማክራቸውን ምስጢር የሚጠብቁ ሦስት ሴቶች ዛሬ እንመርጣለን።

ሁለተኛ፣ ማንም ብቻዋን አትሄድም። አብራት የምትሄደው አባል ሐኪሙ ያለውን ትሰማለች፤ የፈራ ሰው የተነገረውን ግማሹን ይረሳልና።

ሦስተኛ፣ ፋይል። የሪፈር ወረቀት፣ የናሙና ውጤት፣ የቀጠሮ ካርድና ደረሰኝ በአንድ የፕላስቲክ ማኅደር ይቀመጥ፤ ፎቶ ኮፒውም በማኅበሩ ይያዝ። የናሙና ውጤቷ የጠፋባት ሴት እንደገና ከመጀመሪያው ልትጀምር ትችላለች።

አራተኛ፣ የመንገድ ገንዘብ። ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ እንቆጥባለን፤ ቅቤውንም እንዲሁ። 60 አባላት በወር 20 ብር ብናዋጣ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። ሕክምናውን አይሸፍንም። አንዲት ሴት «መሳፈሪያ የለኝም» ብላ ቤት እንዳትቀር ግን ያደርጋል። መዝገቡ ለብቻው ይያዛል፤ በየሦስት ወሩ ይነበባል። ማን ወሰደች የሚለው ስም አይነበብም።

እጃችሁን አውጥታችሁ ድምፅ የምትሰጡበት ጉዳይ ይህ ነው። ሳጥኑ በሩ ላይ ይቆያል፤ ያልመለስነው ጥያቄ ካለ ጻፉ። ያቺ «አያመኝም፤ ልተወው?» ብላ የጻፈችው እህት ደግሞ ስትወጣ በጤና ጣቢያ የምትሠራውን አባላችንን ታናግራት፤ በጓዳው በኩል ብቻዋን ትጠብቃታለች። ጤና ጣቢያው ሰኞ ጠዋት ክፍት ነው፤ አብረናት እንሄዳለን።